ወደ ኋላ እየዞርኩ ያነሳኋት ጄኔቭ

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቪዲኮን፣ ዙሪክ

ሱብሂን ሰግጄ ስወጣ ሰማዩ ገና አልለየለትም። ትራም ማቆሚያው ላይ እኔና ውሻ የያዘች አንዲት አሮጊት ብቻ ነን። ቦርሳዬ ውስጥ ቴምር፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይ በፔርሙስ፣ የስልክ ቻርጀርና የባቡር ቲኬት አለ። ከቤት እስከ ማቆሚያው ድረስ ቲኬቱን ሦስት ጊዜ ዳሰስኩት።

እዚህ አገር ከመጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን ከዙሪክ ወጥቼ ግን አላውቅም። መጀመሪያ ባለቤቴ ይወስደኝ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ልጄ ሐያት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። አማርኛውን እንደምታዩት እየተንገዳገድኩ እጽፋለሁ፤ የፈረንጁን ፊደል ግን ቆሜ አንድ በአንድ ካልለቀምኩት አይገባኝም። ባቡር ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

ሐያት አሁን ጄኔቭ ናት። ሻትሌን የሚባል ሰፈር ትኖራለች፣ ካሩዥ የሚባል ሰፈር አንድ ፎቶ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። ባለፈው ወር እዚያው ለመቅረት የሥራ ውል ፈረመች። ከዚያ ደውላ፣ "እማ፣ እኔ ቅዳሜም ጠዋት ሥራ አለኝ። አንቺ ብቻሽን መምጣት ካልቻልሽ የምንገናኘው ለኢድ ብቻ ነው" አለችኝ። ለክፋት ብላ አይደለም። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት።

አሮጌው ከተማ ውስጥ ፎቶ የሚወዱ ሰዎች ያለ አስጎብኚ የሚዞሩበት መንገድ አለ አለች። መንገዱን የሚያሳየው ወረቀት በፈረንሳይኛ ስለሆነ ስድስቱን ቦታ በድምፅ ቀድታ ላከችልኝ። በየቦታው አንድ አንድ ፎቶ አንስቼ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ከአበባ የተሠራው ሰዓት ጋ ልንገናኝ ነው። "ከጠፋሽ ደውይ" ብላለች። ከደወልኩ ግን ወደቅኩ ማለት ነው። እሷ ባትለውም እኔ አውቀዋለሁ።

2 ሰዓት ተኩል፣ ባቡር ውስጥ

ጀርመንኛውን እንደምንም እሰማለሁ። ከበርን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ድምፅ ማጉያው ፈረንሳይኛውን አስቀደመ። የማውቀው ነገር እዚያ ላይ አለቀ። የባቡሩ ሻይ አምስት ፍራንክ ነው፤ ፔርሙሴን ከፈትኩ፣ ባቡሩ ሲነቃነቅ ግማሹን ቀሚሴ ጠጣው። "ሐይቁ በግራ በኩል ሲመጣልሽ ልትደርሺ ነው" ብላኝ ነበር። መጣ። ከማዶ ተራራ፣ ከወዲህ ወይን፣ መሐሉ እንደ ብረት የሚያበራ ውሃ። ያምራል። እኔ ግን የምቆጥረው ማቆሚያ ነው።

4 ሰዓት፣ ድልድዩና ግንቡ

የመጀመሪያው ቦታ ድልድዩ ነው። ሰዉ ሁሉ ከሐይቁ ወደ ሰማይ የሚወረወረውን ፏፏቴ ያነሳል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ከባቡር ጣቢያው የመጣሁበትን መንገድ አነሳሁ። ልጅ ሳለሁ ከሚሴ ገበያ ስትልከኝ እናቴ፣ መንገድ የመሄጃና የመመለሻ ፊቱ አንድ አይደለም፣ እየዞርሽ እይ ትለኝ ነበር። በየመታጠፊያው ቆሜ፣ ዞሬ፣ አነሳሁ።

ከተማዋ ድሮ እንደ ሐረር ጀጎል በግንብ የታጠረች ነበረች። አሁን የቀረው ቁራጩ ነው። መንገዱ ዳገት፣ ድንጋዩ ጫማ የሚያንሸራትት፣ በሮቹ ሰፋፊና ከባድ። በአንድ ጣሪያ ሥር አምስት የድሮ መድፎች ተደርድረዋል። አንድ ቱሪስት ሽማግሌ መድፎቹን ሲያነሳ እኔ የመጣሁበትን ቀጭን መንገድ ሳነሳ አየኝና፣ ምን አምልጦኝ ይሆን ብሎ እሱም ዞሮ አነሳ።

ስድስተኛው ቦታ ግንቡ ጫፍ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ነው። ርዝመቱ መንደር ሙሉ ሰው ያስቀምጣል። የሐያትን የመጨረሻ መልእክት ከፈትኩ፤ "አሁን ወደ ሐይቁ ውረጂ፣ ጨረስሽ" ትላለች። ውረጂ አለች እንጂ በየት እንደሆነ አላለች። እኛ አገር ውሃ የሚፈልግ ሰው ቁልቁለት ይይዛል። ከግንቡ ጎን ደህና ቁልቁለት አገኘሁ፣ ያዝኩት።

5 ሰዓት ከሩብ፣ መናፈሻው

ሐይቅ የለም። ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ጉልበት የሚደርስ የቼዝ ጠጠር በሁለት እጃቸው የሚያንቀሳቅሱ ሽማግሌዎች አሉ። "ያ ረቢ፣ ውሃው የት ሄደ" አልኩ፣ ለካ ጮክ ብዬ ነው።

"ውሃውማ የትም አልሄደ። አንቺ ነሽ የሄድሽው" አለኝ አንዱ ሽማግሌ በአማርኛ።

ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ከየት ነሽ አለኝ፣ ከወሎ አልኩት።

"ቁልቁለቱን ተከትለሽ ወርደሻላ። እዚህ ኮረብታው ሁለት ቁልቁለት አለው እህቴ፤ የውሃው በዚያኛው ጎን ነው። ነይ ላድርስሽ።"

"አይሆንም ጋሼ። ልጄ ብቻዬን ስመጣ ነው ማየት ያለባት።"

"ባትነግሪያትስ?"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

ሳቀ። መንገዱን ታውቂዋለሽ ወይ ሲለኝ ፎቶዎቹን አሳየሁት። አንድ በአንድ አያቸው። "በይ ውጪ" አለኝ፣ "ግንቡ ላይ ስትደርሺ እጅሽን አውለብልቢልኝ፤ እስከዚያ ጨዋታዬን አልቀጥልም።"

ዳገቱን ወጣሁ። ግንቡ ላይ ቆሜ እጄን አነሳሁ። ከታች እሱ ፈረሱን፣ ያንን የቼዝ ትልቅ ፈረስ፣ ከራሱ በላይ አነሳልኝ።

ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹ መሩኝ። ከመድፎቹ የሚወርደው ቀጭን መንገድ፣ አረንጓዴው በር፣ የፋርማሲው መስቀል። በየመታጠፊያው የማየው ነገር ስልኬ ላይ ካለው ጋር ገጠመ። ከቤቶቹ መሐል ውሃው ብልጭ ሲል አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም።

6 ሰዓት ከአሥር፣ ሐይቁ ዳር

ሐያት ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ገርጥቷል። ለካ የምፈራው እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ቴምሩንና እንቁላሉን እየበላን ፎቶዎቹን አየች። "እማ፣ ሁሉም ከኋላ ነው። መድፍ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ምንም የለም።"

"የምመለስበት አለ" አልኳት። መናፈሻውንም ሽማግሌውንም ነገርኳት።

"እኔንም ከኋላ ልታነሺኝ ነው?" አለች። እሷን ከፊት አነሳኋት።

ማታ ላይ ጣቢያ ድረስ ልሸኝሽ አለችኝ፤ ከኋላዬ ከሆነ ነይ አልኳት። የጠዋቱን ፎቶዎች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየገለበጥኩ ድልድዩን ተሻገርኩ፤ እሷ አንድም ቃል ሳትናገር ከኋላ ከኋላ ተከተለችኝ። ባቡሩ በር ላይ፣ "የሚመጣው ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላይ ልጠብቅሽ?" አለችኝ።

ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው፣ ከሐይቁ እስከ ባቡሩ ድረስ ቲኬቴን አንድ ጊዜም እንዳልዳሰስኩት ትዝ ያለኝ።