ሹፌሯ የበረራ ትምህርት ቤት ስትመርጥ

ሹፌሯ አስራ አራት ዓመት ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድታለች። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተር ታስነሳለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ቁልፍ ታስረክባለች። እስከዚያ ወገቧ እንጨት ይሆናል፤ ቀኝ ጉልበቷም ፍሬን በረገጠች ቁጥር ይጠዘጥዛታል። የመስመሯ መጨረሻ የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር ነው። እዚያ በምታርፍባት አስር ደቂቃ ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላኖች ሲነሱና ሲያርፉ ታያለች። ባልደረቦቿ ይህን አይተው "ካፒቴን" ይሏታል። እነሱ ለቀልድ ነው፤ እሷ ግን አርባ ሊሞላት አራት ወር ሲቀራት ነገሩን የምር አደረገችው።

"በዚህ ወገብሽ ልትበሪ?" አለች አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ፣ ልብስ እያጣጠፈች።

"ማንም እንደማይቀጥረኝ አውቃለሁ። ለራሴ ነው።"

"ኧረ እትዬ፣ ከሥራ ስትመጪ ጫማሽን ሳታወልቂ እኮ ነው እንቅልፍ የሚጥልሽ!"

ሹፌሯ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች። ለክርክር የሚሆን አቅም አልነበራትም።

መጀመሪያ የሄደችበት ትምህርት ቤት ወለሉ መልክ ያሳያል። ከረባት ያሰረ ሠራተኛ ባለቀለም በራሪ ወረቀት አስታቀፋትና "በስድስት ወር ፈቃድዎን ይይዛሉ" አላት።

"አውሮፕላን ስንት አላችሁ?"

"አራት።"

"ዛሬ ስንቱ በረረ?"

ሰውየው ሳል ሳል አለው። ቆመው ሳለ እንደሚሠሩ የሚቆጠሩ አውቶቡሶች መሀል የኖረች ሴት ናትና ራሷ ሄዳ አየች። የሁለቱ ሞተር ተፈትቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ የሦስተኛው ጎማ ተንፍሷል፣ አራተኛውን ያየው የለም። ከበራሪ ወረቀቱ በቀር የሚበር ነገር ስላጣች አመስግና ወጣች።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ጣጣ አያበዛም። ከሥራ በቀጥታ ስትደርስ አንድ ወጣት አስተማሪ "ነይ፣ እንሂድ!" ብሎ አሳፍሯት ተነሳ። ስንት ዓመት የተመኘችው ነገር ነበር። ልጁ "ያዢው" ብሎ መሪውን ለቀቀላትና ስልኩን መነካካት ጀመረ። የሞተሩ ድምፅ ወጥ ነው፣ ፀሐይዋ ትሞቃለች። ዐይኗ ክድን አለ። ስትባንን የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ታች አዘንብሏል።

"ቀና አድርጊው" አለ ልጁ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

ማታ "በቃኝ" ስትላት እህቷ አልቀለደችባትም። ሻይ አፍልታ አቀረበችላት።

ሦስተኛው እዚያው መጨረሻ ፌርማታዋ አጠገብ ነው፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ቤት በመሆኑ ንቃው ኖራለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከሥራ ስትወጣ፣ እንዲያው እንዳይቆጨኝ ብላ ገባች። ፀጉራቸው የሸበተ አስተማሪ ስልክ ላይ ነበሩና ወንበር አሳዩዋት። ስትነቃ ሰዓት አልፏል፤ የሰውየው ጃኬት ትከሻዋ ላይ ተጥሏል።

"ምነው ሳይቀሰቅሱኝ?" አለች በእፍረት።

"ለምን እቀሰቅስሻለሁ? ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሳሽ?"

"አስር ሰዓት።"

"እንግዲያው ዛሬ አትበሪም። በሥራ ቀንም አትበሪም። በእረፍትሽ ቀን፣ እንቅልፍ ጠግበሽ ነይ። ከዚያ በፊት ግን ሐኪም ይይሽ። እሱ ሳያሳልፍሽ አልመዘግብሽም።"

"ሌሎቹ እንዲህ አላሉኝም።"

"የሌሎቹን አላውቅም። እኔ የደከመ ሰው ከመሬት አላነሳም።"

ሆድ ባሳት። በአስራ አራት ዓመት ውስጥ ደክሞሽ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቃት አለቃ አልነበረም። እንባዋን ለመደበቅ ያህል "አውሮፕላን ስንት አላችሁ?" አለች።

"አንዲት። ትሠራለች። ያልሠራች ቀን ደውዬ እንዳትመጪ እነግርሻለሁ።"

እዚያው ለመማር ቆረጠች። ሐኪሙ ዐይኗንና ልቧን ወደደው፤ ደም ግፊቷን ግን አልወደደውምና ከወር በኋላ መልሶ አይቶ አሳለፋት። በመጀመሪያው እሁድ የጎን ነፋስ ስለበረታ አልበረሩም፤ ዘይት ማየትና የነዳጁን ልክ በዘንግ መለካት ተምራ ተመለሰች። በሁለተኛው ሃያ ደቂቃ በረሩ። ሽማግሌው መሪውን ሲሰጧት ዐይናቸውን ከእጇ ላይ አልነቀሉም።

ዓመት ሲሞላ የበረረችው ሰዓት ገና አስራ አንድ ነበር።

"መቼ ነው የምትጨርሺው?" ትላታለች እህቷ።

"እንጃ።"

ዛሬም ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተር ታስነሳለች፣ ዛሬም ወገቧን ያማታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትተኛለች፤ እህቷም ሬዲዮኑን ቀንሳ በሩን ገርበብ ታደርግላታለች።