በአባታችን ሙሾ ውስጥ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የታላቅ ወንድሜ የአለባቸው የሕይወት ታሪክ ታትሞ እጄ ገባ። እሱ እየተናገረ ልጆቹ የጻፉት ቀጭን መጽሐፍ ነው። በሩ ላይ እንደቆምኩ ገጹን እየገለጥኩ ስሜን መፈለግ ጀመርኩ።

በጋዜጠኝነት ዘመኔ የብዙ ሰው ትዝታ አርሜያለሁ። ሰው የሌላውን ሕይወት የሚያነበው ሊማርበት ነው ይባላል። እኔ እንዳየሁት ግን ባለታሪኩን የሚያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነው፤ ካጣም ይቀየማል። ይህ እኔንም ያገኘኝ ገና በወጣትነቴ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ በአባታችን ለቅሶ ላይ ነው።

ወሩ ጥር ነበር። መካነ ኢየሱስ ከተማ ስማር መርዶው ደረሰኝና በእግሬ ወደ አገሬ ስማዳ ተነሣሁ። በየአውድማው ገብስ ይወቃል፤ እብቁ ንፋስ እየወሰደው መንገዱን ሁሉ አልብሶታል። ስደርስ አባቴ ተቀብሯል። በሠልስቱ የአገሩ ሰው ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። አልቃሿ እሜቴ ጥሩነሽ የአባቴን ሕይወት በሙሾ ታወርድ ጀመር፦

አለባቸው ይንገር አብሮት ያረሰው፣
እርፉን ሲለቀው ማን ነው የወረሰው?

ሰው ሁሉ ወደ አለባቸው ዞሮ አለቀሰ። የሚቀጥለውም ግጥም የአለባቸው ነበር፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። ቀናሁ። በዚያ አገር ለቅሶ ላይ ያልተነሣ ልጅ ከአባቱ ሕይወት እንደወጣ ነው።

ንፍሮ ሲታደል ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«እሜቴ፣ እኔስ ልጁ አይደለሁም?»

«ኧረ ተማሪው! በል፣ አባትህ ምን አደረገልህ?»

«ይወደኝ ነበር።»

«ውሻውንም ይወድ ነበር» አለች ንፍሮዋን እያኘከች። «ያደረገውን ነው ያልኩህ።»

ነገርኳት። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሲወስደኝ መስከረም ነበርና ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ውሃው ደረቱን እየመታው አዝሎ አሻገረኝ። እርጥብ በርኖሱ በግ በግ ይሸት ነበር። እሜቴ ጥሩነሽ አፏን ጠርጋ ተነሣች፦

ወንዙ ሞልቶ ሳለ አዝለህ ያሻገርከው፣
ዛሬ በደረቁ ለማን አስረከብከው?

አሁን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ደስ አለኝ።

አለባቸው ንፍሮውን እንደጨበጠ መጣና ጎኔ ቆመ።

«እውነት አዝሎሃል?»

«አዎ፣ ወንድምጋሼ።»

«እኔን አዝሎኝ አያውቅም» አለ። «እሾህ እግሬን የወጋኝ ቀን እንኳ ‹በል ቅደም፣ በሬዎቹ ራቁ› ነው ያለኝ።»

ንፍሮውን መዳፌ ላይ አፍስሶልኝ ከብቶቹን ውሃ ሊያጠጣ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር አንሥተነው አናውቅም።

መጽሐፉን ቅዳሜውኑ ጨረስኩት። ስሜ አለ፤ ትምህርት ቤት መግባቴ በአንድ መስመር ተጽፏል። ከዚያ በፊት ባለው ገጽ አባታችን መስከረም ላይ የሞላውን ወንዝ ልጁን አዝሎ ይሻገራል። የታዘለው አለባቸው ነው። ልጆቹ ተሳስተው ይሆናል ብዬ አርብ ገበያ ለሚኖረው የመጀመሪያ ልጁ ደወልኩ።

«አባባ በቃሉ እንዳለው ነው የጻፍነው» አለኝ። «መልሰን ስናነብለት ‹ልክ ነው› ብሏል።»