አውራ ጣቴና አዲሱ መሪ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መኪና መንዳት ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ለተማሪዎቼ በቀን አሥር ጊዜ የምላት ነገር አለች፤ «አውራ ጣት መሪው ውስጥ አይገባም። ጎማው ከተመታ መሪው ጣታችሁን ይዞ ይዞራል።» ሌላውን ስመክር አንደኛ ነኝ።

ባለፈው ጥር የኮምፒውተር የመኪና ውድድር ጀመርኩ። ያስጀመረኝ ከእኛ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ጓደኛዬ ዓምደሚካኤል ነው፤ ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። እሁድ እሁድ ከየቤታችን ሆነን አሥራ ስምንት ሰዎች እንወዳደራለን። እኔ አሥራ ሰባተኛ እወጣለሁ። አሥራ ስምንተኛው ኢንተርኔቱ የሚቋረጥበት ሰው ነው።

ጥፋቱን ከኮምፒውተሩ ጋር በማገናኘው አሮጌ መሪዬ አሳበብኩ። ስለዚህ ዳይሬክት ድራይቭ የሚሉትን ልገዛ ወሰንኩ። መሪው በቀጥታ ሞተሩ ላይ ስለሚታሰር የመንገዱ ጉልበት ሳይቀንስ እጅ ላይ ይደርሳል። ጉልበቱ የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ዓምደሚካኤልን ኮል አደረግኩት።

«አምስት ይበቃሃል» አለኝ።

«አሥራ ሁለት አለ አይደል?»

«አለ። እሱ ግን ጠንካራ የብረት ፍሬም ይፈልጋል። አንተ ምን ላይ ልታስረው ነው?»

«የምግብ ጠረጴዛ ላይ።»

«መንገሻ፣ አንተ እኮ ጀማሪ ነህ።»

ያበላሸችኝ ይቺ ቃል ናት። ስንቱን ሐበሻ መንጃ ፈቃድ ያስወጣሁ ሰው ጀማሪ ልባል? ስልኩን እንደዘጋሁ አሥራ ሁለቱን አዘዝኩ።

ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ጠፍንጌ አሰርኩትና ጉልበቱን መቶ ፐርሰንት ላይ አደረግኩት። መመሪያው ከዝቅተኛው ጀምሩ ይላል፤ ያነበብኩት በኋላ ነው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ግድግዳ ገጨሁ። መሪው አውራ ጣቴን ይዞ ተሽከረከረ፤ የጠረጴዛውም ጫፍ ተገንጥሎ ቀረ።

በማግስቱ ጣቴን በፋሻ ጠቅልዬ ወይዘሮ ተናኘን ላስተምር ሄድኩ። ልጃቸው ከጎንደር ያስመጣቸው የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቀዋል።

«ጣትህን ምን ሆንክ፣ ልጄ?»

«በመኪና ግድግዳ ገጭቼ ነው።» ውሸት አልነበረም።

«ውይ፣ የት?»

«ቤት።»

«ቤት ውስጥ ደግሞ መኪና ይነዳል?»

ምርጫ ስላልነበረኝ ሁሉንም አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና ቀበቷቸውን እያሰሩ፣ «ጣት ወደ ውጭ የምትለኝ አንተ አይደለህም?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ስትናገር አንተም ስማ።»

ጣቴ ሲሻለው አሌክሳንድሪያ ሄጄ የዓምደሚካኤልን መሪ ሞከርኩ። የአስፋልቱ ጉድጓድ፣ የጎማው መንሸራተት፣ ሁሉም እጄ ላይ ተሰማኝ።

«ይሄ ስንት ነው?» አልኩት።

«አምስት» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ለዚያም አመሰግነዋለሁ።

አሥራ ሁለቱን ሸጬ አምስቱን ገዛሁ። አሁን መንገዱ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ከመንገዱ ስወጣም እንዲሁ።

ወይዘሮ ተናኘ በሦስተኛው አለፉ። በርክ የምትባል ከተማ ላሉት ዘመዶቻቸው ሁሉ ስልኬን ሰጥተውልኛል፤ «ጎበዝ አስተማሪ ነው፤ እሱ ሲነዳ ግን አትሳፈሩ» እያሉ።