ክንዳቸውን የሰጡኝ ቀን

የእጅና የእግር ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ጌጡ ማረፋቸውን የሰማሁት ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ፣ ከአንድ የቀድሞ ታካሚያቸው ነው። ቤቴል ለቅሶ ቤት ስደርስ ሰው ሁሉ «ርኅራኄ አብሯቸው የተወለደ» ይላል። እኔ ግን ርኅራኄያቸው የተወለደበትን ቀን ስለማውቅ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሱቄ መስታወት ተሰብሮ የቀኝ አውራ ጣቴን ሥር ሲቆርጠው፣ ደም ሥሩንና ነርቩን በማጉያ እያዩ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። የደነዘዘው እጄ ብቻ ነው፤ እኔ ነቅቻለሁ። ክንዴ ላይ የደም ግፊት እንደሚለኩበት ያለ ቀበቶ አስረው በአየር ነፉት።

«የሚሰፉት ጣቴ ደም እንዲያገኝ አይደል? ታዲያ ለምን ያግዱታል?» አልኳቸው።

«ደም ከሸፈነው፣ በዚህ ከፀጉር በቀጠነ ክር የምሰፋውን አላይም፣ እትዬ ጥሩወርቅ» አሉ። ጥያቄው ደስ አላቸው።

እየቆየ ግን ቀበቶው ሥር እሳት ሆነብኝ። «አመመኝ» አልኩ።

«ደንዝዟል እኮ፤ ፍርሃት ነው።»

አልጋውን ከበው የቆሙት ተማሪዎቻቸው ሳቁ። ቀበቶው ሲላላ ደሙ ተመለሰ፣ ጣቴ ቀላ፣ ስፌቱ ያዘ። ያችን ሳቅ ግን ይዣት ወጣሁ።

ክሩን ሊያወጡልኝ በሄድኩ ቀን፣ እነዚያን ተማሪዎች አስከትለው «እንዴት ነዎት?» አሉኝ።

«ጣቴ ደህና ነው። ፍርሃቴ ግን ክንዴን አበለዘው።»

ክሩን ትተው ወደ ክንዴ ዞሩ። ቀጥሎ የጥያቄ መዓት አወረዱብኝ፤ «ከየት ጀመረ? ያቃጥላል ወይስ ይጫናል?»

«በራስዎ ክንድ ይዩት!» አልኳቸው።

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቀበቶውን በራሳቸው ክንድ አስረው መንፊያውን አስያዙኝ። ነፋሁ። ጣቶቻቸው ሲነጡ ዐይኔን አልነቀልኩም። መጀመሪያ «ልብ በሉ፣ አሁን ይነዝራል» እያሉ ተማሪዎቹን ያስተምሩ ነበር። ቀስ በቀስ ማስተማሩ ቀረ፤ ግንባራቸው አላበው።

«ይበቃል፣ ይፍቱልኝ።»

«ትንሽ ይቆዩ ዶክተር፤ ፍርሃት ይሆናል።»

ከተማሪዎቹ የሳቀ የለም። እሳቸው ብቻ ሳቁ፤ እሱም በግማሽ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ዘንድ የሠለጠነ ሁሉ ቀበቶውን ታካሚ ላይ ከማሰሩ በፊት በራሱ ክንድ ያየው ነበር። ኋላ እጁን የሰፉለት ጎረቤቴም «ቀበቶው አሳመመህ?» እያሉ በየመሃሉ ይጠይቁት እንደነበር ነግሮኛል።

ዶክተር፣ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ከአፍዎ ስጠብቅ ቀደሙኝ። ክንድዎ ላይ የቀረውን ቀይ ቀለበት ግን አይቻለሁ። በቂ ነበር አልልም። ይህን የጻፍኩት በሰፉልኝ አውራ ጣት ነው፤ እስካሁን ይታዘዘኛል። በሰላም ይሂዱ፤ ያችን ሳቅ አልያዝኩብዎትም።