ድንቹን የያዘ ይናገራል

ድንች ስላጥ ቢላዋው ቆዳውን ገና ሳይነካ የሚቀድመኝ የአፈሩ ሽታ ነው። የታጠበ ድንች አይሸትም። ከነጭቃው ከገበያ የመጣው ግን ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል ሽታ አለው። "ልትልጠው ነው ወይስ ልታናግረው?" ትለኛለች ባለቤቴ። ሳላስበው ድንቹን በመዳፌ ይዤ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ለእሷ ነግሬያታለሁ። ለአንተም ልንገርህ።

ያደግሁት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከዳባት ትንሽ ወጣ ብላ በምትገኝ የደጋ ቀበሌ ነው። ትምህርት ቤታችን ከመንገዱ በላይ፣ ገብስና ባቄላ ከሚዘራበት ማሳ መሐል ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጧት ፀሐይ ሲያገኘው ቆርቆሮው ጠሽ ጠሽ ይላል። በምስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ሳንቲም ሳንቲም እያከለ ይወድቅና ቀስ እያለ ከአንዱ ልጅ እግር ወደ ሌላው ልጅ እግር ይሄዳል።

ትምህርታችን ጩኸት ነበር። መምህሩ ሰሌዳውን በአርጩሜ መታ ያደርጋል፣ እኛ እንጮሃለን። ፊደሉን፣ ብዜቱን፣ የወንዞችን ስም፣ ሁሉን በአንድ ድምፅ። መንደሩ በእኛ ጩኸት ይተዳደር ነበር ብል ብዙም ማጋነን አይሆንብኝም። የሦስት ብዜት ሲሰማ እናቶች የአራሹን ምሳ ይዘው ይወጣሉ። የወንዞች ስም ሲጀመር በሬ ይፈታል። የትምህርት ቤቱን ደጅ ረግጠው የማያውቁ አባቶች እርፉን እንደያዙ ጆሯቸውን ያቀኑና "ዛሬ ሸጋ እየተማሩ ነው" ይባባላሉ። ጎበዝ መምህር ማለት ክፍሉ ከሩቅ የሚሰማ መምህር ነበር።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚመቸኝ ያ ጩኸት ነበር፤ ተብታባ ነበርኩና። ብቻዬን ስናገር የመጀመሪያው ፊደል ጥርሴ ላይ ይቀራል። ከሌሎች ጋር ስጮህ ግን ምላሴ ይፈታል፣ ማንም አያውቅብኝም። ስዘምርም እንዲሁ ነው። አባቴ በደብራችን መሪጌታ ነበር፤ ድምፁ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ሸለቆውን ተሻግሮ የሚሰማ፣ ንግግሩ እንደ ወራጅ ውኃ የማያቋርጥ ሰው። ስንተባተብ ማየት አይችልም። "ዳ…" ስል "ዳቦ" ይላል። "ገ…" ስል "ገበያ" ይላል። ከፍቅሩ የተነሣ ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ነበር። ልክ ባልሆነ ጊዜ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ፤ ከመከራከር ይልቅ የፈለግሁትን መለወጥ ይቀለኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል ስገባ አዲስ መምህርት ከጎንደር ከተማ መጣች። ቀጭን፣ ሹራብ የማይለያት፣ ብርዳችንን የማትለምድ ሴት። እትዬ እንላታለን። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ምንም ሳትጽፍ በየወንበሩ እየዞረች "ቁርስ የበላ ማን ነው?" አለችን። እጅ ያነሣነው ጥቂት ነበርን። "ሆዱ የሚያንሾካሹክበት ልጅ እኔን አይሰማም" አለች። በሳምንቱ ዘር ድንች በማዳበሪያ ጆንያ አድርጋ በአውቶቡስ አመጣች። ከክፍሉ ጀርባ ያለውን መሬት ቆፍረን ተከልነው። በር ላይ የተበሳ ጣሳ ሰቅላ ዓይናችንንና እጃችንን አስታጠበችን። ከኋላ ተቀምጣ ሰነፍ የምትባለውን ልጅ ወደ ፊት አምጥታ ሰሌዳው እንደማይታያት ደረሰችበት። ወንበሮቹን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ገፍታ በክብ አስቀመጠችን።

ከዚያ ከዘር የተረፈች አንዲት ድንች በእጇ ይዛ ሕጉን ነገረችን። "ድንቹን የያዘ ይናገራል። ያልያዘ ይሰማል። የሌላውን ቃል የሚጨርስ የለም።"

"ድንቹ ቢበሰብስስ እትዬ?" አለ አንዱ።

"ጮክ ብለህ ካወራህበት ቶሎ ይበሰብሳል" አለችው፣ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅሁም። ድንቹ በክብ እየዞረ ወደ እኔ ሲመጣ ነበር የማየው።

ስለ ምን ነበር የተጠየቅነው? ውርጭ መቼ እንደሚጥል። አንዷ ሰማይ ሲጠራ ነው አለች፤ ሌላው ነፋስ ሲተኛ ነው አለ። ድንቹ እጄ ገባ። አፌን ከፈትሁ፣ ፊደሏ ቆመች። እትዬ አይዞህ አላለችኝም፤ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች፣ ምንም የሚያስቸኩላት እንደሌለ ሰው። ልጆቹ ጠበቁ። ድንቹ በመዳፌ ሞቀ። ደወል ተደወለ፣ ምንም ሳልናገር ቀረሁ። "ነገ ከአንተ ይጀምራል" ብላ ድንቹን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። ያን ቀን ጠላኋት። በማግሥቱም ጠበቀችኝ፤ በሦስተኛው ቀን "ጨ…ጨረቃ ስትደምቅ" አልሁ። የቃሌን ጫፍ ማንም አልነጠቀኝም። ከዚያች ቀን ወዲህ ጧት ወደ ትምህርት ቤት የምሮጥ እኔ ሆንሁ።

መንደሩ ግን ተደናገረ። ከትምህርት ቤቱ ጩኸት ጠፋ። እናቶች ምሳውን ወይ አስቀድመው ወይ አዘግይተው ያወጣሉ። ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ ያዳምጣል፣ የሚሰማው የቆርቆሮ ጠሽታ ብቻ ነው።

"ትምህርት ቤቱ ምነው ዝም አለ? ሰው ሞተበት እንዴ?" አለ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ቤታችን ደጅ ለአባቴ። ድምፁ ትልቅ፣ መሬቱም ሰፊ የሆነ ገበሬ ነበር፤ በዚያው ሳምንት የጓሮ ድንቹን ውርጭ መትቶበት ሆድ ብሶታል። "እኛ ልጅ የላክነው ሊማር ነው መሪጌታ። ልጆቹ ሲቆፍሩ ይውላሉ፣ ከዚያ በክብ ተቀምጠው ድንች ይቀባበላሉ። መቆፈሩንማ እኛ ዘንድ ይቆፍሩ አልነበር?"

"ያልጮኸ ትምህርት አይጸናም" አለ አባቴም።

ርዕሰ መምህሩ ጠብ የማይወድ ሰው ነበር። በቢሮው መስኮት ሥር ውኃ ስቀዳ ለእትዬ ሲነግራት ሰምቼዋለሁ፦ "ጧት ጧት እንኳ ትንሽ አስጩሂያቸው እህቴ። ወረዳ ድረስ ከሄዱ ያስነሡሻል።"

"ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን መጥተው ይቀመጡልኝ" አለችው።

ለእኔ ነገሩ ከእሷ መነሣትም ያልፍ ነበር። አባቴ ማታ ለእናቴ ሲነግራት እሰማለሁ፤ ኮሚቴው ካልተስማማ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ዜማ ቤት ሊያስገባኝ አስቧል። "ሲያዜም አይንተባተብም። እኔ ዘንድ ቢውል ማንም አይስቅበትም" ይላል። ክፋት አልነበረበትም። እኔም ማዜም አልጠላሁም። ግን ዜማው ቃሉ የሌላ ነው። የራሴን ቃል የጠበቀልኝ ያ ክብ ብቻ ነበር፣ ይህንንም ለአባቴ ልነግረው አልችልም፤ ገና አፌን ስከፍት ይጨርስልኛላ።

የሚካኤል ለት፣ ማጭድ በማይነሣበት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አባቶች ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ በእኛ አነስተኛ ወንበር ላይ ጉልበታቸው ደረታቸውን እየነካ ተቀመጡ። እናቶች በሩ ላይ ቆመው አንገባም ሲሉ እትዬ እየጎተተች አስገባቻቸው። ክፍሉ የጋቢ፣ የዕጣንና የትኩስ አፈር ሽታ ሸተተ። እትዬ ሕጉን ደገመችና ድንቹን በቀጥታ ለሊቀመንበሩ ሰጠችው።

"እኔ? እኔ ምን ልበል?" አለ። ስብሰባ ላይ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የሚናገር ሰው፣ ድንቹን እያገላበጠ ዝም አለ።

"አይቸኩሉ አያ፣ እንጠብቅዎታለን" አለችው ዓይኗ ደካማ የሆነችው ልጅ። እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

"እሺ" አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ። "የእኔን ድንች ውርጭ አቃጠለው። የእናንተው አጠገቡ ሆኖ ምነው ተረፈ? ይህን የሚነግረኝ አለ?"

ብዙ እጅ ተነሣ። የእኔም እጅ መነሣቱን ያየሁት አባቴ ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ነው። ሊቀመንበሩ የመሪጌታው ልጅ ነው ብሎ ይሁን ቅርብ ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ድንቹን ለእኔ አቀበለኝ።

"ገ…" አልሁ።

አባቴ አፉን ከፈተ። በጠባቡ ወንበር ላይ ወደ ፊት ሲያዘነብል አየሁት። ክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ፣ አንዱም ሳይቀር፣ ዞሮ ተመለከተው። አባቴ ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የጋቢውን ጫፍ አንሥቶ አፉ ላይ ጫነው። እንዲያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም ነበር። ፊቱ እንደ ታመመ ሰው ሆነ።

"ገ…ገለባ አለበስነው" አልሁ። "ሰማዩ ሲጠራ፣ ነፋሱ ሲተኛ… ከየቤታችን ገለባ አመጣን። እ…እናቴ ሰጠችኝ።"

"ገለባው የት ሄደ ስል የከረምኩት!" አለ አንድ አባት። እትዬ ወደ ድንቹ ጠቆመችው፣ ዝም አለ።

"አንዱን መስመር ግን ሳናለብስ ተውነው። እሱ ጠቆረ። የ…የለበሰው ተረፈ።"

ሊቀመንበሩ ሕጉን ረስቶ ወደ ፊት ተሳበ። "አንዱን መስመር ምነው ተዋችሁት? የሚበላ ድንች አይደል እንዴ?"

ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። ከቆርቆሮው የወረደ አንድ ብርሃን በአባቴ እግር ላይ ያርፍ ነበር፣ እሱን ነው ያየሁት። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልጨረሰልኝም።

"ለ…ለማወቅ" አልሁ።

እናቴ በኋላ እንደ ነገረችኝ ሊቀመንበሩ በዚያው ተነሥቶ የክፍላችንን የድንች ማሳ ሊያይ ወጥቷል። እኔ ይህን አላየሁም። ያየሁት አባቴን ነው። እጁን ዘረጋ፣ ድንቹን ሰጠሁት።

"እኔ ዘንድ ተማሪው እንዴት እንደሚቀጽል ታውቃላችሁ" አለ። "ብቻውን ፊቴ ይቆማል፣ የየራሱን ትምህርት በየራሱ ጊዜ ያሰማል። ቀድሞ የገባው ለኋለኛው ያስረዳል። በኅብረት የሚቀጽል ተማሪ ተቀብዬ አላውቅም። የልጆቻችሁ ክፍልም እንዲህ ነው፤ ወንበር ተጨምሮበት። ተዉአት ታስተምር።"

"ይህን እያወቁ እስካሁን ምነው ዝም አሉ መሪጌታ?" አለ አንዱ።

"ድንቹ አልደረሰኝም ነበራ!"

ሳቁ እስከ ማሳው ሳይሰማ አልቀረም። እትዬም አንድ ነገር ተወች፤ እናቶች የምሳ ሰዓት ተምታታብን ብለው ስለ ለመኗት የሦስት ብዜት በየቀኑ በቦታው እንዲጮህ ተስማማች። እንደ ድሮው ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ እንጮህና ወደ ክባችን እንመለሳለን።

እኔ የአንደኛ ደረጃን ሳልጨርስ እትዬ ወደ ሳንጃ ተዛወረች። በአውቶቡሱ መስኮት እጇን ያወዛወዘችበትን ሹራብ አስታውሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን አላየኋትም። ሥራዬ በሬዲዮ ሰውን መጠየቅ ሆነ፤ ዛሬም አንዳንዴ ፊደል ጥርሴ ላይ ይቆማል፣ እጠብቀዋለሁ። የማነጋግረው ሰው ሲያቅማማም በመስኮት ውጭ ውጭውን አያለሁ። ድምፄን በሬዲዮ ሰምታ እንደሆነ አላውቅም፤ ፈልጌ ብጠይቅም ያለችበትን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አባቴ ባለፈው ዓመት ግማሽ አካሉን ያዘው። ያ ሸለቆ የሚሻገር ድምፅ አሁን ከአልጋው አያልፍም። ሰሞኑን ልጠይቀው ሄጄ ከጎኑ ተቀምጬ ሳለ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። አንድ ነገር ፈልጓል። እህቴ አጠገቡ ደርሳ "ርቦህ ነው አባባ? በርዶህ ነው? ጋቢ ልደርብልህ?" ትለዋለች፣ ከፍቅሯ የተነሣ ነው። አባቴ ደከመውና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ያንን ንቅናቄ አውቀዋለሁ።

ከጓዳ ሄጄ ከቅርጫቱ አንድ ድንች አመጣሁ፣ ከነጭቃው። በሚሠራው እጁ መዳፍ ላይ አስቀመጥሁለት። አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፤ በደህናው በኩል ያለው የአፉ ጫፍ ፈገግ አለ። እህቴ ልትናገር ስትል እጇን ያዝሁ።

ጠበቅነው። በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ጥርት ብሏል፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል አይነቃነቅም። ከመንገዱ በላይ ካለው ትምህርት ቤት የሦስት ብዜት ተሰምቶ አለቀ። ድንቹ መዳፉ ውስጥ ሳይሞቅ አልቀረም።

"ውር…ጭ" አለ አባቴ።

ወጥቼ የጓሮውን ድንች ገለባ አለበስሁት። ስመለስ ድንቹን እንደ ያዘ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።