ባለጆሮዎቹ ብርጭቆዎች

በሰፈራችን ሰርግ ሲደገስ ድንኳኑ የወንዶች፣ ወጡ የእናቶች፣ ብርጭቆው ደግሞ የእኔ ነበር። ማን እንደሾመኝ አላውቅም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር የማታ ክፍል የገባሁ ሴት ስለሆንኩ ይሆናል። «እሷ ካየችው አይዛባም» ይሉ ነበር። ብርጭቆ ሲሰበርም አልጮህም።

በደርግ ጊዜ ለሰርግ ብርጭቆ የሚገዛ አልነበረም፤ ሰው ይዋሳል። ሌላ አገር ያለ ደጋሽ ይሄ ለጠላ፣ ያ ለቢራ ብሎ ይከፋፍል ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ብርጭቆ መጠጥ ገብቶበት ያውቃል ወይስ አያውቅም? ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ እስላሞች ናቸው። ለእነሱ ዳሱም፣ ሥጋውም፣ ብርጭቆውም ለብቻ ነው፤ ብርጭቆውንም የምንዋሰው ከራሳቸው ቤት ነው።

ብዙ ሰው ምልክት የሚያደርገው የብርጭቆውን ቂጥ ጥፍር ቀለም በመቀባት ነበር። እኔ በዚያ አላምንም፤ ሴቶቹ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲያሹት ይለቃል። የምለየው በቅርጽ ነው። ጆሮ ያለው ለእስላም ዳስ፣ ጆሮ የሌለው ለክርስቲያን ዳስ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትዳስሺውም አትሳሳቺም።

የዚያን ቀን የምትዳረው የባቡር ሠራተኛው ጎረቤቴ ልጅ ነበረች። እናቷ በአራስነቷ ታማ በተኛች ጊዜ ልጅቷን ጡታቸውን ያጠቧት ከግንብ አጥሩ ወዲያ ያሉት እስላም ጎረቤታቸው ናቸው። በእነሱ ዘንድ ያጠባ ወለደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሰርጉ የእሳቸውም ሰርግ ነበር። አማቶቻቸውን ሳይቀር ከመጋላ ሰፈር ጠርተው፣ አዲስ የሽቲ ቀሚስ ለብሰው፣ ከዳሳቸው መሀል ተቀምጠዋል። ባለጆሮዎቹን ብርጭቆዎች ያዋሱኝም እሳቸው ናቸው፣ ከራሳቸውና ከእህታቸው ቤት።

ሙሽራው የሁርሶ ጦር ሰፈር ወታደር ነበር። ጓደኞቹ በጭነት መኪና እየጨፈሩ ሲገቡ ቢራቸውን ብቻ ሳይሆን መጠጫቸውንም ይዘው መጡ። «እንዳናስቸግራችሁ ብለን ነው» አሉ። ጨዋ ልጆች ናቸው። መጠጫቸው ግን ባለጆሮ ነበር።

እኔ ጓዳ ገብቼ በረዶ ሳስፈልጥ ቆይቼ ስወጣ፣ አጣቢዎቹ ወታደሮቹ የጠጡበትንና ለእስላሞቹ ዳስ ከአቧራ ሊለቀለቅ የወጣውን አንድ ገንዳ ውስጥ ከተውት ደረስኩ። አንዱን አነሳሁ፣ ሌላውን አነሳሁ። ያው ነው። የእስላሞቹ ዳስ ሩዙን በልቶ ውሃ ይጠብቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ ቆዳ ይልጣል።

የሙሽሪት እናት እጄን ያዘችኝ። «በሳሙና፣ በሙቅ ውሃ ታጥቧል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ ምን የማታውቂው አለ! ከተማርሽ ወዲህ መግቢያ አሳጣሽን» አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። «ልጄን ጡት ያጠባች ሴት በአማቶቿ ፊት ተዋርዳ ተነስታ ብትሄድ፣ እኔ በምን ፊቴ ከጎኗ እኖራለሁ?»

ቢሆንም ወደ እስላሞቹ ዳስ ሄድኩ። ከጡት እናቲቱ አጠገብ ተንበርክኬ፣ «እማማ፣ ብርጭቆው ተቀላቅሎብናል። ቢራ የነካው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ይቅር ይበሉን» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «አንቱ አትበይኝ ብዬሽ የለ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አሮጊት ታደርጊኛለሽ!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይቻለሁኮ። ወታደሮቹ ሲጨልጡም፣ ሴቶቹ ገንዳው ውስጥ ሲዘፍቁትም ከዚህ ወለል ብሎ ይታያል። ማን መጥቶ ይነግረኝ ይሆን ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

«ማንም ባይመጣስ?»

«ጾመኛ ነኝ እላለኋ! ወላሂ፣ ያን ሁሉ ሩዝ በልቼ ውሸቱን ከየት ላምጣው እያልኩ ስጨነቅ ነበር።»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ።

«ለኔ ታጥቦ ይበቃኛል» አሉ። «የነዚህን አማቶቼን ልብ ግን ምን ሳሙና ያጥበዋል? ባለጆሮዎቹን አትመልሱልን፤ ለልጄ የቤት ማሟያ ይሁኗት። አቦ፣ ተነሺ አሁን!» ከዚያ ወደ እህታቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጮኹ።

ጥቂት ቆይቶ በግንቡ ላይ የሻይ ብርጭቆ በየትሪው መምጣት ጀመረ፤ ከእሳቸው ቤት፣ ከእህታቸው፣ ከወዲያኛውም ጎረቤት። በስኳር የበጠበጥነውን የሎሚ ውሃ በእሱ ቀዳንላቸው። አንድ ጉንጭ አይሞላም። አስተናጋጁ የመጨረሻዋ ሴት ጋ ሳይደርስ የመጀመሪያዋ ጨርሳ «ድገመኝ» እያለች ትጣራለች።

«ምንድነው ይሄ? የሽሮፕ መለኪያ ነው?» አሉ አንዲት አማት።

«ትልልቆቹን ለወታደሮቹ ለቀንላቸዋል። ቀስ ብለሽ ጠጪ፣ ስኳሩ የቀበሌ ራሽን ነው!» አሉ እሳቸው።

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አንድ ሰው እንኳ አልተነሳም።

የሙሽሪት እናት በዳሱ አፍ ላይ ቆማ ነበር። እሳቸው ቀና ብለው አዩዋትና ሽቲያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላት። ገብታ ተቀመጠች። አንዷ ትቀዳለች፣ ሌላዋ ትጠጣለች። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ያላልኩት ሴት፣ እዚያው ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማን እንደሆነ ያላየሁት እጅ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ አስጨበጠኝ። በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኳትና እንደ ሌሎቹ ሴቶች እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ተጣራሁ።