ኅዳር አሥራ አራት፣ የክብ ቀን

ወሬው የደረሰኝ ብርዱ በማያልቅበት በዚህ አገር፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አዳራሽ ሳህን ስደረድር ነው። ሳንቲም የሚሰበስቡ ጡረተኞች በዓል ነበራቸው፤ የክብን ዙሪያ በወርዱ ሲያካፍሉት የሚመጣውን፣ ፓይ የሚባለውን ቁጥር ያከብራሉ። ቁጥሩ በሦስት ነጥብ አንድ አራት ስለሚጀምር፣ በዓሉ በእነሱ ሦስተኛ ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ይውላል። ጠረጴዛው ላይ ክብ ኬክና የቁጥሩ ምልክት የተቀረጸባቸው የመታሰቢያ ሳንቲሞች ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ በአጉሊ መነጽር እያዩ እንደ ልጅ ይለዋወጣሉ። ቀኑ በእኛ መጋቢት አምስት፣ የአቦ ዕለት ነው። ጾም ስለሆነ ኬኩን በዓይኔ ብቻ እያየሁ ሳለ አገር ቤት መርሳ ያለችው እህቴ ደወለች። የድሮ ትምህርት ቤታችን አዲሶቹ መምህራን፣ መምህር ሰይድ የጀመሩትን የክብ ቀን ከኅዳር አንሥተው ወደ መጋቢት አምስት ሊያዛውሩት ነው አለችኝ፤ ሰውየው ባለማወቅ ተሳስተው ነው ብለዋል። ሳህኑን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ውዬ ነበር፤ ድካሙ የተሰማኝ ግን ያኔ ነው።

መምህር ሰይድ ሒሳብ ያስተማሩን ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚራመዱ፣ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ የሚንቃጨል ሰው ነበሩ። ሳንቲም መሰብሰብ ይወዱ ስለነበር ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ሁሉ እንኳን ደህና ገባሽ ከተባለች በኋላ እሳቸው ቤት ጎራ ማለቷ አይቀርም፤ ወረቀቱን ለእናትሽ፣ ዝርዝሩን ለእኔ ይሏታል። ገበያተኛው ይሄን አይቶ ቱጃሩ መምህር እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ካንዱ ሳንቲም በቀር ሁሉም ጥቅም ላይ የማይውል ሀብት ነው እያሉ ይስቃሉ፤ ያ አንዱ የትኛው እንደሆነ ነግረውን አያውቁም።

የዚህን በዓል ነገር ደሴ ካገኙት አሮጌ መጽሔት አንብበው፣ ሦስተኛ ወር ሲል ጊዜ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ብለው በጣታቸው ቆጠሩና ኅዳር አሥራ አራት የክብ ቀን ሆነ። ሌላ አቆጣጠር ትዝ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ማሽላው እየታጨደ፣ የክፍላችን አቧራ አገዳና ብርቱካን ብርቱካን እየሸተተ፣ ሁላችንም ክብ የሆነ ነገር ይዘን እንመጣለን፤ ሳንቲም፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ከጎረቤት ከተማ ከግራና የሚመጡት ልጆች ደግሞ የቆርቆሮ ክዳን። ከሸማኔ በለመንነው ክር ዙሪያውን እንለካና ክሩን በወርዱ ላይ እንዘረጋዋለን። ትልቁም ትንሹም ሦስት ጊዜ ይሄድና ጥቂት ይተርፋል።

እኔ አንድ ዓመት የጎረቤታችንን የእማማ ጥሩዬን ጠገራ ብር ተዋስኩ፤ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ነበር። አምነው ሰጡኝና አላስችል ቢላቸው ተከትለውኝ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ልኬቱ ሲያልቅ ከተቀመጡበት ጠየቁ።

«መምህር፣ ይቺ የተረፈችዋስ የማን ናት?»

«የፈጣሪ ናት፣ እማማ።»

«እሱ ምን ሊያረጋት? ለድሃ ቢሰጣት አይሻልም?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ መምህር ሰይድ ራሳቸው ጠመኔያቸውን ጥለው ሳቁ። በመጨረሻም ከዘይት ቆርቆሮ ክብ እየቆረጡ ምልክቱን በምስማር የቀረጹበትን ለእያንዳንዳችን ያድሉናል። እሳቸው ፓይ ነው ይላሉ፤ እኛ አናቱ የረዘመ «በ» ፊደል ነው እንላለን።

ዓመታት አልፈው እዚህ አገር ገብቼ የሽማግሌዎቹን በዓል መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ፣ ለመምህር ሰይድ ደወልኩ። ታመው ወልድያ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ቅር እንዳይላቸው ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ቀኑ ምናልባት በፈረንጆቹ ወር ይሆን እንዴ አልኳቸው። እያሳላቸው ሳቁ።

«አውቃለሁ እኮ ልጄ፤ ቆየት ብዬ ነቅቻለሁ። መጋቢት አምስት ግን አቦ ነው፤ የክርስቲያኑ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ግማሹ ወንበር ባዶ ይቀርብኛል። ኅዳር ሁላችሁም ትመጣላችሁ። ክብ ነገር ደሞ ከየትም ጀምረሽ ብትለኪው ዙሪያው ያው ነው።»

በዚያው ክረምት ዐረፉ። ነገሩ አንድ ቀን ይፈለጋል ብዬ ስላላሰብኩ ለማንም አላወራሁትም። ያ የጦርነቱ የጭንቅ ጊዜ ሲመጣ ቤታቸው ተበርብሮ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት ሳንቲም የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። እማማ ጥሩዬም የሉም፤ ጠገራዋም ለማን እንደደረሰች አልሰማሁም። እኔም እዚህ የሰው አልጋ እያነጠፍኩ፣ የሰው በዓል እያሰናዳሁ፣ በዓሎቼን በሥራ ልብስ አሳልፋለሁ። ለሰውየው የቀረላቸው ያ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የአላዋቂ ስሕተት ተብሎ ሊፋቅ ነው።

እናንተ በዚያ ክፍል የነበራችሁ፣ ዛሬ መርሳም ወልድያም ሐራም ያላችሁ፣ እባካችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱልኝ። መምህራኑን አትቆጧቸው፤ በሒሳቡ ልክ ናቸው። እኔ ብቻዬን ብናገር ከሩቅ የመጣ ወሬ ነው፤ የእናንተ ግን ምስክርነት ነው። መምህር ሰይድ ያሉኝን ንገሯቸው፣ ከዚያም እናንተ ያያችሁትን ጨምሩበት፦ በኅዳር አሥራ አራት፣ በዚያ ክፍል፣ አንድ ባዶ ወንበር አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እውነቱን ተናገሩ።